ካርበን ዶት በማሽን ለርኒንግ ዲዛይን ማድረግ፣ ሞዴሉ ጎበዝ ነው ላቦራቶሪው ግን እምቢ አለ

ኪያር_ማቴሪያልስ
ሰላም ነው ሰዎች? ማቴሪያል ሳይንስ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ቴሲሴ ካርበን ዶት ነው። ለማያውቅ ባጭሩ፣ ከ10 ናኖሜትር ያነሰች የካርበን ቅንጣት ናት፣ ዩቪ ሲበራባት ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ አንዳንዴም ቀይ ታበራለች። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ሲትሪክ አሲድና ዩሪያን የመሰለ ርካሽ ነገር ውሃ ውስጥ አሟሙቶ አውቶክሌቭ (በግፊት የሚያበስል ወፍራም የብረት እቃ) ውስጥ ዘግቶ ማብሰል። ጣጣው ምን ላይ ነው፣ የትኛው ኬሚካል በስንት ዲግሪ ስንት ሰዓት ቢበስል ምን ቀለም በምን ያህል ድምቀት እንደሚወጣ ቀድሞ የሚነግርህ ደህና ቲዎሪ የለም። ሁሉም እየሞከረ ነው የሚሄደው።

እና እኔ ከታተሙ ፔፐሮች ሬሲፒ ሰበሰብኩ፣ ኬሚካሉ፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ፣ ሶልቨንቱ (የሚሟሟበት ፈሳሽ)፣ የወጣው ቀለምና ኳንተም ይልዱ (ከዋጠችው 100 ፎቶን ስንቱን በብርሃን ትመልሳለች የሚለው)። ብዙ መቶ መስመር ሆነልኝ። ኤክስጂቡስት (ከዳታ ተምሮ የሚገምት ሞዴል) ላይ አሰልጥኜ አር ስኩዌሩ (ግምቱ ከእውነቱ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም፣ 1 ማለት ፍጹም ነው) 0.93 መጣ፣ አድቫይዘሬም ደስ አላቸው። ከዛ ሞዴሉን ኳንተም ይልድ 70 የሚሰጥ ሬሲፒ አምጣ ብዬው ያመጣውን ላብ ገብቼ ሰራሁት፣ ደብዛዛ ሰማያዊ ነገር ወጣ፣ 10 እንኳን አይሞላም። ደግሜ ብሰራውም ያው። ምንድነው ጉዱ? ኮዱ ነው ላቡ ነው?

ፓይተን_አባ
ኬሚስት አይደለሁም ዳታ ሳይንስ ነው ስራዬ፣ ግን ይሄን በሽታ በየሙያው አይቼዋለሁ። ትሬይንና ቴስቱን (ሞዴሉ የሚማርበትንና የሚፈተንበትን ዳታ) እንዴት ነው የከፈልከው? ዝም ብለህ በራንደም ከሆነ 0.93ቷን እርሳት። አንድ ፔፐር ውስጥ አስር መስመር አለ እንበል፣ ያው ኬሚካል ያው ላብ ያው ማሽን፣ የሚለያየው 180 ዲግሪ ነው 200 ዲግሪ ነው የሚለው ብቻ። ዘጠኙን አሳይተኸው አስረኛዋን ብትጠይቀው ምን ይሳነዋል? ኬሚስትሪ ተምሮ ሳይሆን ፔፐሩን ለይቶት ነው የሚመልሰው። ሳይኪት ለርን (የፓይተን ላይብረሪ) ላይ ግሩፕ ኬፎልድ የሚባል አለ፣ እያንዳንዱን ፔፐር አንድ ግሩፕ አድርገህ ስጠው፣ አንድ ፔፐር ወይ ሙሉ በሙሉ ትሬይን ውስጥ ወይ ሙሉ በሙሉ ቴስት ውስጥ ይገባል። ከዛ ቁጥሩን እዚህ ለጥፍልን።

ኪያር_ማቴሪያልስ
አሁን ሰራሁት። 0.2 አካባቢ ነው 😭 አንዳንዱ ፎልድ (አንድ ዙር ፈተና) ላይ እንዲያውም ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቭ ማለት አማካዩን ዝም ብሎ ከመገመትም የባሰ ማለት ነው አይደል?

ፓይተን_አባ
አዎ ነው። አይዞህ፣ ይሄ ቁጥር ቢያንስ አይዋሽህም።

ኬሚስቷ
የስፕሊቱ (የዳታው አከፋፈል) ነገር ልክ ነው ግን ነገሩ ከዛ በፊት ነው የሚበላሸው። እኔ ጀርመን ፖስትዶክ ላይ ነኝ፣ ፍሎረሰንስ ስለካ ነው የምውለው፣ እና ያ ከፔፐር የተለቀመ የኳንተም ይልድ ኮለምህ አንድ ነገር የሚለካ አይምሰልህ። አንዱ ኢንቴግሬቲንግ ስፊር (ብርሃኑን ከየአቅጣጫው የሚሰበስብ ክብ እቃ) ባለው ማሽን በቀጥታ ለክቶታል፣ ሌላው ከኩዊኒን ሰልፌት ጋር አወዳድሮ ነው (የወባው መድኃኒት፣ አዎ ራሱ፣ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ 54 በመቶ ተብሎ ይወሰዳል)። ማወዳደሩ ችግር የለውም፣ ግን ናሙናው ቀጥኖ አብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጥ መጠኑ) ከ0.1 በታች ካልሆነ የራሱን ብርሃን ራሱ እየዋጠ ቁጥሩ ይበላሻል፣ ለቀይ ዶት ደግሞ በሰማያዊ የሚያበራውን ኩዊኒን ሪፈረንስ አድርጎ መለካት አይሆንም፣ ሮዳሚን የመሰለ ሌላ የሚያበራ ቀለም ያስፈልጋል። ሁሉም ፔፐር ላይ ግን የሚጻፈው ኳንተም ይልድ ይሄን ያህል ተብሎ ነው፣ አንተም አንድ ኮለም ውስጥ ደረደርከው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ማጽዳት። ታሪኩን ላውራልህ። ካርበን ዶት መጀመሪያ የተገኘው በአጋጣሚ ነው፣ 2004 ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ካርበን ናኖቲዩብ ከጥቀርሻ ውስጥ ለይተው ሲያጸዱ የሚያበራ ቆሻሻ አገኙ። 2006 ላይ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ እነ ያ ፒንግ ሱን ካርበን ዶት ብለው ስም አወጡለት፣ ያኔ ኳንተም ይልዱ 10 በመቶ ገደማ ቢደርስ ነው። ከዛ 2013 ጂሊን ዩኒቨርሲቲ ሲትሪክ አሲድና ኤቲሊንዳያሚን አብስለው 80 በመቶ አመጡ፣ ዓለም ጉድ አለ፣ ሁሉም ያንን ሬሲፒ መስራት ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌሎች ሰዎች ያንኑ ድብልቅ በደንብ ለያይተው ሲያዩት አይፒሲኤ የሚባል ትንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ውስጡ አገኙ፣ አብዛኛውን ደማቅ ሰማያዊ የሚሰጠው እሱ ነው። ማለትም ዶቱ ሳይሆን አብሮት የተሰራው ቀለም ነው የሚያበራው፣ ቢያንስ ትልቁን ድርሻ። እና የአንተ ዳታ ውስጥ ዳያሊሲስ (ትንንሹን ሞለኪውል በቀጭን ሜምብሬን አስወጥቶ ማጽዳት) ያደረገም ያላደረገም ወይ ለሁለት ሰዓት ብቻ ያደረገም አንድ ላይ አለ። ሞዴልህ ምኑን ይማር?

ሶስተኛ፣ ኬሚካሉን ለሞዴሉ በምን መልክ ነው የሰጠኸው? በስም ብቻ ከሆነ ይሄን እይ፦ ፊኒሊንዳያሚን ሶስት ዓይነት አለ፣ ኦርቶ ሜታ ፓራ፣ አቶሞቹ በሙሉ እኩል፣ የሚለያየው ሁለቱ አሚኖች ቀለበቱ ላይ የተቀመጡበት ቦታ ብቻ። 2015 ላይ ሶስቱንም በኢታኖል አብስለው ሜታው ሰማያዊ ኦርቶው አረንጓዴ ፓራው ቀይ ሆነ። ሙቀት፣ ሰዓትና ስም ብቻ የሚያይ ሞዴል ይሄን በምን ተአምር ይገምታል።

ጋሽ_ላቦራቶሪ
ልጆች በርቱ። እኔ እንኳን ስለ ሞዴሉ አልናገርም፣ ስለ አውቶክሌቩ ግን ዕድሜዬን አሳልፌበታለሁ። ኪያር ልጄ፣ 200 ዲግሪ 8 ሰዓት ብለህ የጻፍከው ምድጃው ላይ የሚታየውን ነው ወይስ ውስጡ የደረሰውን? ያ ወፍራም ብረት ውስጡ እስኪሞቅ ራሱን የቻለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲቀዘቅዝም እንደዛው። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ቢመጣ ደግሞ ተማሪ ደብተሩ ላይ ያው 8 ሰዓት ብሎ ነው የሚጽፈው፣ አይቻቸዋለሁ። ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ምድጃው ውስጥ አስገብተህ በየደቂቃው የሚመዘግብ ነገር አድርግ፣ ከአርዱዊኖ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ጋር ርካሽ ነው። ከዛ ሰዓት ሳይሆን የሙቀቱን መስመር ራሱን ለሞዴሉ ትሰጠዋለህ።

ሌላው አውቶክሌቩ ውስጥ የሚገባው የቴፍሎን እቃ ነው። ፊኒሊንዳያሚን አንዴ ከበሰለበት ቀለሙ ቴፍሎኑ ውስጥ ይገባል፣ የሚቀጥለው ተማሪ ሲትሪክ አሲድ አብስሎ አረንጓዴ አገኘሁ ብሎ ይጨፍራል። ለየኬሚካሉ ለየብቻ እቃ ይኑርህ፣ በየመሀሉ ባዶ ውሃ ብቻ አብስለህ በዩቪ እየው፣ ካበራ ጣለው። ከሁለት ሶስተኛ በላይ አትሙላ፣ 220ን አትለፍ፣ ትኩሱን አትክፈት። ይሄን ዝም ብዬ የምለው እንዳይመስላችሁ ሰው ይጎዳል።

ያው ጠላ ነው ነገሩ፣ ጌሾውም ብቅሉም አንድ ሆኖ የየቤቱ ይለያያል። ፔፐሩ ላይ የሌለው ነገር ነው ቀለሙን የሚወስነው።

አዲስ_ገብ
ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ፣ ይሄ በ2023 ኖቤል የተሸለመው ነገር ነው?

ኬሚስቷ
አይ ያ ዘመዱ ነው። ኖቤሉን ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭ የወሰዱት በኳንተም ዶት ነው፣ ካድሚየም ሴሌናይድን በመሰለ ሴሚኮንዳክተር የሚሰራው። እዛ ቀለሙን የሚወስነው የቅንጣቷ መጠን ነው፣ ትንሽ ስትሆን ሰማያዊ ስታድግ ቀይ፣ ቲዎሪው ንጹህ ነው። ካርበን ዶት ላይ መጠን ብቻ አይደለም፣ ላዩ ላይ የተንጠለጠለው ናይትሮጅንና ኦክስጅንም፣ ውስጡ የተደበቀው ሞለኪውልም፣ ሶልቨንቱም ይገባበታል። ለዛ ነው ማሽን ለርኒንግ የሚጓጓለት፣ ቲዎሪው ደህና ቢሆን ማን ዳታ ይለቅም ነበር።

አዲስ_ገብ
እሺ አመሰግናለሁ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ችግር ካለ ማሽን ለርኒንጉ ሰርቶ ያውቃል ወይስ ፔፐር ለማሳተም ነው 😂

ፓይተን_አባ
ሰርቷል፣ የሰራው ግን ኪያር በሄደበት መንገድ አይደለም። ሁለት ምሳሌ፦ 2020 ላይ ኤሲኤስ ናኖ በሚባል ጆርናል የወጣ አለ፣ በራሳቸው ላብ የራሳቸውን ሙከራ ሰርተው ኤክስጂቡስት አሰልጥነው አረንጓዴ ዶት 39.3 በመቶ ኳንተም ይልድ አመጡ። 39 ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ዋናው ግን ያው ላብ ያው መለኪያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው 2024 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ ነው፣ ይሄን አንብቡት በእውነት። ሙቀት፣ ሰዓት፣ ሶልቨንት፣ ካታሊስት (ሪአክሽኑን የሚያፋጥን) ምናምን ሲገጣጠም 20 ሚሊዮን ገደማ አማራጭ ነበራቸው፣ በ63 ሙከራ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ሁሉንም ቀለም ከ60 በመቶ በላይ አደረሱት። እንዴት? ጥቂት ሙከራ ይሰራሉ፣ ሞዴሉ ያንን አይቶ የሚቀጥሉትን ይመርጣል፣ ላብ ገብተው ይሰራሉ፣ ውጤቱ ከፋም ለማም ተመልሶ ይገባል፣ ሞዴሉ እንደገና ይሰለጥናል። እየዞረ ነው የሚሄደው።

እና ኪያር አንድ የማትረሳው ነገር፣ ራንደም ፎረስት (የኤክስጂቡስት ዘመድ የሆነ ሞዴል) ካየው ከፍተኛ ቁጥር በላይ በፍጹም አይተነብይም፣ ኤክስጂቡስትም ከዛ ብዙ አይርቅም። ዳታህ ውስጥ ትልቁ 40 ከሆነ 70 የሚሰጥ አምጣ ብትለው የትም አያውቀውም። አንተ 70 ያለህ ምናልባት ካላጸዱት ፔፐሮች አንዱ 80 ብሎ ስለጻፈ ነው። ስለዚህ ትልቁን ገምቶ የሚያመጣ ሳይሆን የማያውቀውን ቦታም የሚነግርህ ያስፈልግሃል፣ ጋውሲያን ፕሮሰስ ተጠቀም፣ እያንዳንዱ ግምት ላይ ምን ያህል እንደሚጠራጠር አብሮ ይሰጥሃል። ባይዥያን ኦፕቲማይዜሽን ማለት ይሄው ነው፣ ግማሹን ጥሩ ወደሚመስለው ግማሹን ወደ ጨለማው መላክ። ለ30 እና 40 መስመር ዳታ ላፕቶፕህ ይበቃዋል፣ ጂፒዩ (ለከባድ ስሌት የሚሆን ቺፕ) ምናምን አያስፈልግም፣ ኮላብም (የጉግል የኢንተርኔት ኮምፒውተር) አያስፈልግም።

ተጠራጣሪው
ይቅርታ ግን አልገዛችሁኝም። 63 ሙከራ እኮ አንድ ጎበዝ ኬሚስት በአንድ ሴሚስተር የሚሰራው ነው። ያው 63 ሙከራ ለልምድ ላለው ሰው ያለ ሞዴል ቢሰጠው ምን ያህል ያደርስ ነበር? ማንም ጎን ለጎን አላወዳደረም። 20 ሚሊዮን የምትለውም ለማስደንገጥ ነው፣ 180 ዲግሪንና 181 ዲግሪን እንደ ሁለት አማራጭ ብትቆጥር ቢሊዮንም ይሆናል። እና የትኛውን ኬሚካል እናብስል ብሎ የመረጠው ሰው ነው፣ ሞዴሉ አይደለም። ያ ምርጫ ነው ከባዱ።

ኬሚስቷ
የመጨረሻው ነጥብህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ፕሪከርሰሩን (መነሻ ኬሚካሉን) የመረጠው ሰው ነው፣ ቀለበት ቀለበት ያለው አሮማቲክ ነገር ቀይ ለማምጣት እንደሚቀል የሚያውቅ ሰው። ቀይ ደግሞ በተፈጥሮው ከባድ ነው፣ የኢነርጂ ክፍተቱ ሲጠብ ኤሌክትሮኑ ብርሃን ሳይሰጥ በሙቀት መልክ የሚወርድበት መንገድ ይበዛል፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን ይብሳል።

ማወዳደር ግን በሌላ ዘርፍ ተደርጓል። 2016 ኔቸር ላይ ከሃቨርፎርድ ኮሌጅ የወጣ ስራ አለ፣ ክሪስታል ነበር የሚሰሩት። ደብተር ላይ ተጽፈው የቀሩ ያልተሳኩ ሙከራዎችን ሰብስበው ሞዴል አሰለጠኑ፣ ከዛ ሰውና ሞዴል አዲስ ሙከራ ሲመርጡ ሰው 78 በመቶ ሞዴሉ 89 በመቶ ተሳካለት። ልዩነቱ ተአምር አይደለም ግን አለ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ ሳይሆን ዳታው ነው፣ የከሸፈው። ኪያር የሰበሰበው ፔፐር ውስጥ የከሸፈ አንድም የለም፣ ያላበራ ዶት ማን ያሳትማል? ሞዴሉ ያየው በሙሉ የሚያበራ ስለሆነ ምንም ብትሰጠው ያበራል ይልሃል።

ተጠራጣሪው
እሱ ላይ ዝም ብያለሁ።

ሩት_ውሃ
እኔ ውሃ ጥራት ላይ ነው የምሰራው፣ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ የሆነበት ጉድጓድ ብዙ ነው፣ ጥርስና አጥንት የሚያበላሸው እሱ ነው። ካርበን ዶት ለፍሎራይድ ሴንሰር ይሆናል የሚል አንብቤ ነበር፣ በማሽን ለርኒንግ ለዚህ የሚሆን ዶት ዲዛይን ማድረግ አይቻልም? ሁሌ የማየው ግን አይረን ሶስት (ውሃ ውስጥ የሟሟ የብረት ዓይነት) ሴንሰር ብቻ ነው።

ኬሚስቷ
ሩትዬ አይረን የበዛው ስለሚቀል ነው 😅 አይረን ሶስት ራሱ ዩቪውን ስለሚውጥ ምንም ዶት ብትሰጪው ይደበዝዛል፣ ከዶቱ ጋር ሳይገናኝም ጭምር። ፍሎራይድ እንደዛ አይደለም፣ በቀጥታ ብዙም አይነካውም። የተሰራው በዚርኮኒየም በኩል ነው፣ መጀመሪያ ዶቱን ከዚርኮኒየም ኮምፕሌክስ ጋር ታያይዣለሽ፣ ፍሎራይድ ሲመጣ ዚርኮኒየሙን ይወስድበታል፣ ብርሃኑ ይቀየራል። እዛ ላይ ሞዴሉ የሚገምተው ኳንተም ይልድ ሳይሆን ምላሹ ነው፣ የሜዳ ውሃ ደግሞ ፎስፌትም ባይካርቦኔትም ስላለበት የሚረብሹትንም አብረሽ መለካት አለብሽ። ለብቻው ክር ክፈቺበት፣ እመጣለሁ።

ሩት_ውሃ
እከፍታለሁ እሺ።

ፓይተን_አባ
ኬሚስቷ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ምናልባት የውጪ ሰው ጥያቄ ነው። የሚያበራው ዶቱ ይሁን ሞለኪውሉ ለምን ያስጨንቀናል? አምፖል ላይ ቀብተኸው ካበራ አበራ። ሞዴሉ የሚያሳድገው ብርሃኑን ነው።

ኬሚስቷ
ሶስት ሰዓት ዩቪ ስር ብታስቀምጠው መልሱን ታገኘዋለህ። ትንንሽ ሞለኪውሎች በዩቪ ቶሎ ይሞታሉ፣ ካርበን ዶት የተወደደበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ብርሃን ቻይ ነው ተብሎ ነው። ሞዴልህን ኳንተም ይልድ ብቻ አሳድግ ብለህ ከለቀቅከው ወደ ሞለኪውሉ ነው የሚነዳህ፣ ምክንያቱም ደማቁ እሱ ነው፣ ሙቀቱን ዝቅ ሰዓቱን አጠር እያደረገ ካርበን ከመሆኑ በፊት እንድታቆም ይመክርሃል። ሞዴሉ አልተሳሳተም፣ የጠየቅከውን ነው የሰጠህ።

ፓይተን_አባ
ይሄ ጥሩ ነው እሺ። ስለዚህ ሁለት ዓላማ ስጠው ነው የምትይው፣ ድምቀትና ዩቪ ስር የመቆየት አቅም።

ተጠራጣሪው
እኔ እንዲያውም ሞለኪውሉን ለብቻው አውጥቶ መሸጥ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቢያንስ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ናኖ የሚለው ቃል ስላለበት ብቻ ገንዘብ የሚያገኝ ስንት ነገር አለ።

ጋሽ_ላቦራቶሪ
ይሄኛው ልጅ ያስቀኛል። ግን ልክ ነው።

ኪያር_ማቴሪያልስ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በጣም። እንግዲህ እንዲህ ላድርግ ብዬ አሰብኩ፣ ካጠፋሁ አርሙኝ። የፔፐሩን ዳታ አልጥለውም ግን ለመነሻ ብቻ ነው የምጠቀምበት፣ የትኛው ክልል ውስጥ ልጀምር ለሚለው። አንድ ፕሪከርሰር ብቻ፣ ኦርቶ ፊኒሊንዳያሚን፣ ሶልቨንት ውሃና ኢታኖል ብቻ፣ ሙቀት ከ140 እስከ 200። ጋውሲያን ፕሮሰስ። ያላበራውም ይመዘገባል። ስፔክትሮፍሎሮሜትሩ (የሚያበራውን ብርሃን የሚለካው ማሽን) ግን እኛ ጋ የለም፣ ሌላ ግቢ ሄጄ ነው በወር አንዴ የምለካው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መዞር አልችልም። አድቫይዘሬን ደግሞ ከ0.93 ወደ 0.2 ወረደ ብዬ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኛል።

ፓይተን_አባ
በወር አንዴ ከሆነ በአንድ ዙር አንድ ሳይሆን ስድስት ስምንት ሬሲፒ እንዲመርጥልህ አድርግ፣ ባች ባይዥያን ይባላል፣ ሁሉም አንድ ቦታ እንዳይከማቹ ተራርቀው ነው የሚመረጡት። እና በየዙሩ አንዷን የድሮ ሬሲፒ ድገማት፣ የላብህ መዋዠቅ ምን ያህል እንደሆነ ሞዴሉ ማወቅ አለበት፣ አለበለዚያ መዋዠቁን ግኝት ያስመስልልሃል። ለአድቫይዘርህ ደግሞ ሁለቱንም ቁጥር አንድ ግራፍ ላይ አድርገህ አሳያቸው፣ በራንደም ይሄ በፔፐር ይሄ ብለህ። እሱ ራሱ የቴሲስህ አንድ ቻፕተር ነው።

ኬሚስቷ
በመሀል መለኪያ ከሌለህ ደግሞ 365 ናኖሜትር ችቦና ስልክ ይበቃሃል ለመለየት ያህል፣ ጨለማ ሳጥን ውስጥ፣ ካሜራው አውቶ ሳይሆን ማንዋል፣ አይኤስኦና ሻተሩ ተቆልፎ፣ ጎኑ ላይ የታወቀ ሪፈረንስ ተቀምጦ። ኳንተም ይልድ አይሰጥህም፣ የትኞቹን ይዘህ እንደምትሄድ ግን ይነግርሃል። ኦርቶ ፊኒሊንዳያሚን በአየር ስለሚበላሽ አሮጌውን ጠርሙስ አትጠቀም፣ ቡና ቡና ከመሰለ በቃ ሌላ ነገር ነው እያበሰልክ ያለኸው።

ጋሽ_ላቦራቶሪ
ጓንት አድርግ፣ ቆዳ ውስጥ ይገባል እሱ ኬሚካል። ኢታኖሉ ሲሞቅ ከውሃ የበለጠ ግፊት አለው፣ ለእሱ ከግማሽ በላይ አትሙላ።

ኪያር_ማቴሪያልስ
እሺ ጋሼ እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ። ኬሚስቷ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የዳያሊሲስ ሜምብሬን እኛ ጋ 1000 ዳልተንና 3500 ዳልተን (የሚያሳልፈው ሞለኪውል የክብደት ወሰን) ነው ያለው፣ የቱን ልያዝ?

ኬሚስቷ
1000ውን ያዝ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ውሃውን እየቀየርክ። የወጣውን ውሃ ግን እንዳትደፋው፣ ሰብስበህ እሱንም ለካው፣ ከውስጡ ከቀረው በላይ የሚያበራ ከሆነ ውስጡን ከመለካትህ በፊት እዚህ ጻፍልን።